ለገንዳችን ዓሣ ስመርጥ

በባዮሎጂ ቤተ ሙከራው ጥግ የተቀመጠውን የዓሣ ገንዳ ሳታዩት አልቀራችሁም። 80 ሴንቲ ሜትር ይረዝማል፤ ወደ 100 ሊትር ውኃ ይይዛል። ክበባችን ሲያቋቁመው ተክሉንና አሸዋውን ሌሎች ተከፋፈሉት፤ ለእኔ የደረሰኝ «ዋናውን ዓሣ» መምረጥ ነበር። ላይ ላዩን የሚሯሯጡ ዳኒዮዎችና ከሥር አሸዋ የሚፈትሹ ሦስት ኮሪዶራሶች ነበሩን። የጎደለን ተመልካች ዓይኑን የሚያሳርፍበት፣ ጠባይ ያለው ዓሣ ነው። ስለዚህ ድንክ ሲክሊድ ይሁን ተባለ።

ሲክሊድ ሲባል እንግዳ ነገር አይምሰላችሁ። ከሐዋሳ ወይም ከዝዋይ ሐይቅ ወጥቶ በሳህን የሚቀርብልን ቆሮሶ የዚሁ ቤተሰብ ነው። እናቲቱ እንቁላሏን በአፏ ይዛ የምትፈለፍል፣ ለልጅ የምትሳሳ ፍጥረት ናት። ቆሮሶ ግን ለእኛ ገንዳ ግዙፍ ነው። ድንኮቹ አብዛኛውን ጊዜ ከ10 ሴንቲ ሜትር አይበልጡም፤ የወላጅነቱ ጠባይ ግን አብሯቸው አለ።

እኔን ያፈዘዘኝ ራም የተባለው ነው። ፊቱ ቢጫ፣ ዓይኑን አቋርጦ የሚወርድ ጥቁር መስመር፣ ገላው ላይ ሰማያዊ ብልጭታ የተነሰነሰበት! መምህራችን ሰምተው ኖሮ «ውኃችሁ ስንት ዲግሪ ነው?» አሉኝ። «22» አልኳቸው። «እሱስ ስንት ይፈልጋል?» ዝም አልኩ። አላውቅማ! በነጋታው በአባላት መዋጮ ጥንዱን ገዝቼ መጣሁ።

በዘጠነኛው ቀን ወንዱ፣ በአሥራ አንደኛው ሴቷ ሞቱ።

ራም የቬኔዙዌላና የኮሎምቢያ የኦሪኖኮ ሜዳ ተወላጅ ነው፤ ከ27 እስከ 30 ዲግሪ የሚሞቅ ውኃ ይወዳል። ብርዱ ብቻም አይደለም። ገንዳው ከተሞላ ገና ሁለት ሳምንቱ ነበር። ከዓሣ የሚወጣውን አሞኒያ መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎም ጉዳቱ ወደሚያንሰው ናይትሬት የሚለውጡት ባክቴሪያዎች እስኪራቡ ሳምንታት ይፈጃል። ዳኒዮዎቹና ኮሪዶራሶቹ ቻሉት፤ ራም አልቻለም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ የምለቅመው እንኳ አልነበረኝም። ጓደኞቼ ስለ ገንዘቡ አንድም ክፉ ቃል አልተናገሩኝም። እሱ ነው የባሰብኝ።

ለሁለተኛው ምርጫ ስድስት ሳምንት ቆየሁ። ማሞቂያ ገባ፤ ውኃው 25 ላይ ረጋ። መብራት በጠፋ ቁጥር ግን ይቀዘቅዛል፤ ስለዚህ ይህን የሚችል ዓሣ ያስፈልገናል። የቦሊቪያው ራም ጥሩ ነበር፤ ፈልጌ አጣሁት። አፒስቶግራማ ካካቱኦይደስ ደግሞ አንዱ ወንድ ብዙ ሴቶች ይዞ ለየአንዳንዷ ዋሻ የሚያሻው ባለ ትልቅ ቤተሰብ ነው። በመጨረሻ ክሪቤንሲስን ያዝኩ። አገሩ ናይጄሪያና ካሜሩን ነው፤ ለውኃው ብዙም አይመርጥም። በዚህ ዓሣ ዘንድ የምትደምቀው ሴቷ ናት። ሆዷ እንደ ቼሪ ይቀላል፤ ወንዱ ፊት ቀርባ እያንቀጠቀጠች የምታሽኮረምመውም እሷው ናት። (የክፍላችን ሴቶች ይህን ሲሰሙ ምን ያህል እንደሳቁ አልነግራችሁም።)

ዋሻ እንዲሆናቸው አንገቱ የተሰበረ ጀበና በውኃ ብቻ ደጋግመን ቀቅለን አጋድመን አስቀመጥንላቸው። አንድ ቀን ሴቷ ጠፋች። ወንዱ በር ላይ ቆሟል። ከሳምንት በላይ ቆይታ ስትወጣ የአሸዋ ቅንጣት የሚያካክሉ ልጆቿን አስከትላ ነበር!

ከዚያ ወዲህ ጦርነት ሆነ። ዳኒዮዎቹ ላይ ስለሚኖሩ አመለጡ። ኮሪዶራሶቹ ግን ማስፈራሪያ አይገባቸውም፤ አሸዋ እየፈተሹ ቀጥ ብለው ልጆቹ መሀል ይገባሉ፤ ክንፋቸው ተቀዳደደ። ክበቡ ስብሰባ ተቀመጠ። «ነባሮቹን በመጤ ማስወጣት ምን ዓይነት ፍርድ ነው?» ያለ ነበር፤ እውነቱን ነው። እኔም የመረጥኩት እኔ ስለሆንኩ መልስ አጣሁ። ወላጆቹን ብናወጣ ልጆቹ ያልቃሉ፤ ኮሪዶራሶቹን ብንተዋቸው ይሞታሉ።

ኮሪዶራሶቹ አሁን በመምህራችን ጠረጴዛ ላይ፣ በ20 ሊትር ገንዳ ውስጥ ናቸው። ይጠባቸዋል። የአንዱ ክንፍ መብቀል ጀምሯል። ልጆቹ ከፍ ሲሉ መውጣታቸው አይቀርምና ትርፍ የመስታወት ገንዳ ያላችሁ ንገሩን። የውኃችሁን ሙቀት ግን አስቀድሜ እጠይቃችኋለሁ።