የጣና ደሴቶች፤ በጀልባ መሰንበት ወይስ በየብስ ማደር?

የዓመት ፈቃድዎን ተቀብለው፣ ከደመወዝዎ ያተረፉትን ጥቂት ገንዘብ ቋጥረው ደሴት ለማየት ያሰቡ እንደ ሆነ፣ አስቀድመው የሚቈርጡት አንድ ነገር አለ። ከደሴት ወደ ደሴት በመርከብ እየዞሩ መሰንበት ይሻላል ወይስ በየብስ እያደሩ አንድ ሁለቱን ብቻ ደኅና አድርጎ ማየት?

ለዚህ ጥያቄ ዳኛው የደሴቶቹ መራራቅ ነው። በኢኳዶር ግዛት ያሉት የጋላፓጎስ ደሴቶች በሰፊ ውቅያኖስ ላይ የተበተኑ ናቸው። በዚያ ከመቶ የማይበልጡ እንግዶች የሚይዙ መርከቦች ሌሊቱን ሲጓዙ አድረው፣ ጎሕ ሲቀድ መንገደኛውን ከሌላ ደሴት ያደርሱታል። ስለዚህ መርከቡ መንገድም አልጋም ስለሚሆን ዋጋው አያስቈጭም።

የእኛ ጣና ግን ሌላ ነው። ከአንበሳሜ የሚነሣ ሰው ወደ ሐሙሲት ወርዶ ከዋናው መንገድ ሲገናኝ ወደ ባሕር ዳር ይታጠፋል። የደራ ወረዳ ራሱ በምዕራብ በኩል ከጣና ይዋሰናል፤ ጣና ቂርቆስም ለዚሁ ለምሥራቁ ዳርቻ ይቀርባል። ይሁን እንጂ የሞተር ጀልባ እንደ ልብ የሚገኘው ከባሕር ዳር ነው።

ከባሕር ዳር ክብራን ገብርኤልና እንጦስ ኢየሱስ በቅርብ ይታያሉ። በቡና ደን የተሸፈነው የዘጌ ምድር በጀልባ የአንድ ሰዓት ያህል መንገድ ሲሆን፣ በመኪናም ይደረስበታል። ሩቅ የሚባሉት ደቅና ዳጋ እስጢፋኖስ እንኳ ማልደው ከተነሡ ደርሰው የሚመለሱባቸው ናቸው። እንግዲህ በቀን ተጉዘው ማታ ባሕር ዳር ማደር ሲቻል በውሃ ላይ ማደር ለምን ያስፈልጋል? ለብዙ ዓመታት በሳምንት አንድ ጊዜ በደቅና በቁንዝላ አድርጋ ወደ ጎርጎራ ትሄድ የነበረችው መርከብ እንኳ ቁንዝላ አድራ በማግሥቱ ነበር ጕዞዋን የምትቀጥለው።

ከእጮኛዎ ወይም ከእኅትዎ ጋር የሚሄዱ ከሆነ ይህን ልብ ይበሉ። ወደ ዳጋ እስጢፋኖስና ወደ ክብራን ገብርኤል ሴት አትገባም። የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብና የዐፄ ፋሲል ዐፅም አለበት የሚባለውን ዳጋን ለማየት ሦስት ሰዓት ያህል ተጉዞ ጓደኛን ከወደቡ ላይ ማስቀመጥ ደስታን ያጐድላል። እንጦስ ኢየሱስ፣ የዘጌው ዑራ ኪዳነ ምሕረት፣ በ18ኛው መቶ ዘመን እቴጌ ምንትዋብ ያሠሩት ናርጋ ሥላሴም ለሁሉም ክፍት ናቸው።

ጣና ቈላ አይደለም፤ ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ያለ ስለ ሆነ ማለዳው ይበርዳል፤ ጋቢ አይርሱ። ከቀትር በኋላ ነፋስ ሲነሣ ማዕበሉ ትንሿን ጀልባ ያንገላታልና ጠዋት ወጥተው በጊዜ ይመለሱ። ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ በሰሜን ምሥራቁ ዳርቻ የተስፋፋው እምቦጭ የጀልባ መንገድ ስለሚዘጋ፣ በዚያ በኩል ለመሻገር የሚያስብ ሰው አስቀድሞ ይጠይቅ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በክልሉ ግጭት ስለ ተነሣ የመንገዱንም ሰላም ሳያረጋግጡ አይነሡ። ኪራዩ ብዙውን ጊዜ በሰው ቍጥር ሳይሆን በጀልባ ስለሚታሰብ አራት አምስት ሆነው ቢከራዩ ይቀልልዎታል።

እንግዲህ ሐሳባችን ይህ ነው። ሦስት ቀን ካለዎት አንዱን ለዘጌ፣ አንዱን ለናርጋ ይስጡ፤ ሦስተኛውን በሐይቁ ዳር ዐርፈው ይዋሉበት። በአንድ ቀን ስድስት ገዳም የዞረ ሰው ወደ መሥሪያ ቤቱ ሲመለስ የሚያወራው ስለ ጀልባው ነው፤ ሁለቱን በዝግታ ያየ ግን ስለ ሥዕሉ፣ ስለ ቡናው ጥላና ስለ ሰዎቹ ያወራል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባል የለምን?