ቮልሷን ለሐረር መንገድ እንዴት አዘጋጀናት



ከታናሽ ወንድሜ ጋር ሆነን አሮጌ ቮልስ መግዛታችንን የሰሙ የሰፈራችን ወጣቶች ሁለት ነገር ይጠይቁኛል። «ኡስታዝ፣ በስንት ገዟት?» እና «ቀለሟን መቼ ይቀይሯታል?» ፍሬኗ ይይዝ እንደሆነ የጠየቀኝ አንድም ሰው የለም። በዚህ ዘመን የድሮ መኪና መግዛት በወጣቱ ዘንድ ፋሽን ሆኗል። ቸርኬው ይብረቀረቃል፣ ቴፑ ይጮኻል፣ ፎቶው ይለጠፋል። ስለዚህ ያየሁትንና የተማርኩትን ላካፍላችሁ ወደድኩ። አንዱን እንኳ ከጠቀመ አልሐምዱሊላህ።

መጀመሪያ ለምን እንደገዛናት ልንገራችሁ። እናቴ የሐረር ልጅ ናት። ታላቅ እህቷ እዚያው ሐረር ነው የምትኖረው፤ ሁለቱ ዓይን ለዓይን ከተያዩ ዘጠኝ ዓመት አልፏቸው ነበር። አክስቴ ታማ አልጋ ከያዘች በኋላ እናቴ ሌላ ወሬ አልነበራትም። ግን ጉልበቷ ታማሚ ነው፤ አጥፋው ብዙ መቀመጥ አትችልም። በየሰዓቱ ወርዳ ትንሽ መራመድ አለባት። የሕዝብ አውቶቡስ ደግሞ ለአንድ እናት ብሎ በየሰዓቱ አይቆምም። አውሮፕላን ያልናት ጊዜ «እኔን መሬት ላይ ተዉኝ» አለች። እኛ ያጠራቀምነው ገንዘብ ደህና መኪና አይገዛም፤ ቮልስ ግን ገዛ።

መኪናዋ እ.ኤ.አ. በ1965 የተሠራች ባለ 1200 ሞተር ናት። ጉልበቷ 34 የፈረስ ጉልበት ብቻ ነው። ከእኔም ከወንድሜም በዕድሜ ትበልጣለች። የሸጡልን አዛውንት ገና ዋጋ ሳንነጋገር የመኪናዋን ዐይብ ቆጠሩልን። ፍሬኑን ረግጠህ ስትይዘው ቀስ እያለ ይሰምጣል፤ ባትሪው ሥር ያለው ላሜራ ዝጓል፤ ዘይት ታንጠባጥባለች አሉን። መድረሳ ሳለን በፊቅህ ትምህርት የሽያጭን ምዕራፍ ስንቀራ ሻጭ የዕቃውን ጉድለት መግለጥ እንዳለበት ተምረናል። በተግባር ሲፈጸም ማየት ግን ሌላ ነው። እናንተም ስትገዙ ጉድለት የሚነግራችሁን ሰው አትሽሹት። «ምንም የላትም» የሚላችሁን ነው መጠርጠር ያለባችሁ። የ60 ዓመት መኪና ምንም የላትም ማለት አይቻልም።

ሊብሬው ላይ ያለውን ቁጥርም ከመኪናዋ ጋር አመሳከርን። የቮልስ የሻንሲ ቁጥር ከኋላ ወንበር ሥር፣ መሐል ለመሐል በሚያልፈው የብረት ጀርባ ላይ ተቀርጾ ይገኛል። የሞተሩ ቁጥር ደግሞ ከዲናሞው መቀመጫ ግርጌ ነው። ብዙ አሮጌ ቮልሶች ሞተራቸው ተቀይሯል። ቁጥሩ ካልገጠመ ውዝግቡ የሚመጣው ገንዘቡን ከከፈላችሁ በኋላ ነው።

ከዚያ ዕድሜውን በቮልስ የጨረሰ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ዘንድ ወሰድናት። ዞረው ዞረው አዩአትና እንዲህ አሉኝ። «ኡስታዝ፣ መጀመሪያ መቆሟን እንይ። ቀጥሎ አለመቃጠሏን። ቀጥሎ አለመጋሏን። መሄዱን እሷው ታውቅበታለች።» ሥራችንን በሙሉ በዚህ ቅደም ተከተል ሠራን፤ እኔም የምጽፍላችሁ በዚያው ነው።

መቆም። በዚህ ዘመን መኪኖች የፍሬን መስመር ለሁለት የተከፈለ ነው፤ አንዱ ቢበላሽ ሌላው ይይዛል። በ1965ቷ ቮልስ ግን መስመሩ አንድ ብቻ ነው። ከአራቱ የጎማ ቱቦዎች አንዱ ቢፈነዳ በእግር የሚረገጠው ፍሬን በሙሉ ይጠፋል፤ የሚቀረው የእጅ ፍሬን ነው። ቱቦዎቹን ስናወጣቸው ሦስቱ አብጠው ተሰነጣጥቀዋል። አራቱንም ቀየርን፤ ሸራውንም ቀየርን። ፔዳሉ የሚሰምጠው ግን ዘይቱን የሚገፋው ዋናው የፍሬን ፓምፕ ውስጥ ያለው ጎማ በማርጀቱ ነበር።

መርካቶ ሶማሌ ተራ ወርጄ ጠየቅሁ። ያገለገለ ፓምፕ እዚያው ተገኘ። አዲሱ ግን ስምንት ቀን ያስጠብቃል ተባልኩ። በዚያው ምሽት ከሐረር ስልክ ተደወለ፤ አክስቴ ብሶባታል። እናቴ ጓዟን ሸክፋ በር ላይ አስቀመጠች።

«ልጄ፣ መኪናዋ ትሄድ የለም እንዴ?» አለችኝ።

«ትሄዳለች እማዬ። መቆሟን ነው ያላረጋገጥኩት።»

«እህቴ ብትሞትስ?»

ለዚህ መልስ አልነበረኝም። አጀል በአላህ እጅ መሆኑን እሷም ታውቃለች፣ እኔም አውቃለሁ፤ ግን ለናፈቀች እህት ይህን መናገር ይከብዳል። ያገለገለ የበር እጀታ ይገዛል፤ ያገለገለ መስታወትም ይገዛል። ሰው ያወጣው አሮጌ የፍሬን ጎማ ግን ከእኔው አሮጌ ጎማ በምን ይሻላል? ግመልን አስሮ ከዚያ በአላህ መመካትን የሚያስተምረውን ሐዲስ ለልጆች ደጋግሜ አቅርቻለሁ። ማሰሪያው ስምንት ቀን ሲፈጅና እናት ደጅ ላይ ጓዟን አስቀምጣ ስትጠብቅ ግን ትምህርቱ ሌላ ክብደት አለው። ስምንቱን ቀን ጠበቅን። አበው «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚሉት ለዚህ ነው።

አለመቃጠል። በጥበቃው ቀናት ሌላውን ሥራ ሠራን። ቮልስ ሞተሯ ከኋላ፣ የቤንዚን ጋኗ ከፊት ነው። ቤንዚኑ በቀጭን ቱቦ መኪናዋን አቋርጦ ይመጣና ከፓምፑ ወደ ካርቡራቶሩ በትንሽ ጎማ ይወጣል። ይህ ጎማ የሚያልፈው ከጋለው ሞተር በላይ ነው። ደርቆ ቢሰነጠቅ ቤንዚኑ የሚንጠባጠበው እሳት ላይ ነው። ብዙ ቮልሶች መንገድ ላይ የተቃጠሉት በዚህች አንዲት ጣት በምታህል ጎማ ምክንያት ነው። የእኛዋን በጥፍሬ ስጫናት ተፈረፈረች። ጎማውን በሙሉ በአዲስ ቀይረን በማሰሪያ አጠበቅነው።

ሁለተኛው የእሳት ምንጭ ባትሪው ነው። ባትሪው የሚቀመጠው ከኋላ ወንበር ሥር በቀኝ በኩል ነው። ከባድ ሰው ሲቀመጥበት የወንበሩ ሽቦ ወርዶ የባትሪውን ጫፍ ከነካ እሳት ይነሳል። የዛገውን ላሜራ አስበየድን፤ ከብየዳው በፊት ባትሪውንም ወንበሩንም ከመኪናው አወጣን። ከዚያ ባትሪውን በወፍራም ጎማ ሸፈንነው። የእሳት ማጥፊያውንም እጅ በሚደርስበት ከሾፌሩ አጠገብ አሰርነው። ከፊት ኮፈን ሥር ከሻንጣ በታች የተቀበረ ማጥፊያ በጭንቅ ሰዓት አይደረስበትም።

አለመጋል። ቮልስ ራዲያተር የላትም፤ ውኃም አትጠጣም። የሚያበርዳት አየርና ዘይት ነው። አየሩን የሚነፋውን ማራገቢያ የሚያዞረው ዲናሞውን የሚያዞረው ያው ቺንጋ ነው። ስለዚህ እየነዳችሁ ቀዩ መብራት ቢበራ «ባትሪ አልሞላም ማለት ነው፣ ቤት ደርሼ አሳየዋለሁ» አትበሉ። ቺንጋው ተበጥሶ ሊሆን ይችላል፤ ያኔ ማራገቢያውም ቆሟል። ወዲያው ዳር ይዛችሁ ሞተሩን አጥፉ። እኛ አዲስ ቺንጋ አስገብተን፣ በአውራ ጣት ሲጫኑት አንድ ሳንቲ ሜትር ተኩል ያህል እንዲረግብ አድርገን፣ ሌላ መጠባበቂያ ያዝን።

ሞተሩ የሚይዘው ዘይት ሁለት ሊትር ተኩል ብቻ ነው። የወረቀት ፊልትሮ የለውም፤ ከሥር የሽቦ ወንፊት ነው ያለው። ወንፊቱን አውጥተን አጠብነው፤ የብረት ብናኝ ቢገኝበት ሞተሩ ውስጡ እየተበላ ነው ማለት ነበር። አልተገኘም። ቫልቮቹ ሞተሩ በርዶ ባደረበት ጠዋት ተስተካከሉ። የፑንቲናው ክፍተት 0.4 ሚሊ ሜትር ሆነ፤ ካንዴላዎቹም ተቀየሩ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስበው ነገር አለ። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ አየሯ ስስ ነው። አዋሽ ደግሞ 1,000 ሜትር አካባቢ ነው። ለአዲስ አበባ ስስ አየር ተብሎ ቤንዚኑ የተቀነሰለት ካርቡራቶር አዋሽ ሲወርድ አየሩ ይበዛበታል፣ ቤንዚኑ ያንሰዋል። እንዲህ ያለ ሞተር ያለ መጠን ይግላል። መካኒኩ የኛዋን ቤንዚን በጥቂቱ ጨመሩላት። አዲስ አበባ ላይ ትንሽ ጭስ አወጣች፤ ቆላው ላይ ግን ተመቻት።

ጎማ። ጥርሱ ጥልቅ ስለሆነ ጎማው ደህና ነው አትበሉ። ከጎኑ ላይ አራት አኃዝ አለ። 2314 ካለ በ2014 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት የተመረተ ነው። የእኛዎቹ ጥርሳቸው ሙሉ፣ ዕድሜያቸው ግን ከአሥር ዓመት በላይ ስለነበር ቀየርናቸው። ነፋስ ሲሞላም ለጎሚስታው ንገሩት። የቮልስ ክብደት ከኋላ ስለሆነ የፊቱ 18፣ የኋላው 26 ገደማ ይበቃዋል። እንደ ሌላው መኪና አራቱንም እኩል ካስጠበቀው ፊቷ መንገድ አይጨብጥም።

መብራቷ ባለ 6 ቮልት ስለሆነ ደካማ ነው። ይህን መለወጥ ሌላ ወጪ ነበር፤ እኛ ግን አንድ ውሳኔ ወሰንን፦ ሌሊት አንነዳም። ውሳኔው ምንም አላስከፈለንም።

ፓምፑ መጥቶ እንደተገጠመ ቢሾፍቱ ደርሰን ተመለስን። ስንቆም አራቱንም ታምቡሮች በእጄ ጠጋ ብዬ ዳበስኩ። የኋላ ግራው ከሌሎቹ ይልቅ ያቃጥል ነበር፤ ሸራው እየነካ ነው። ተላላ። በማግስቱ ሱብሒ ሰግደን፣ የመንገድ ዱዓችንን አድርገን ወጣን። የፍጥነት መንገዱን ትተን በአሮጌው መንገድ ሄድን፤ እናቴ በፈለገችበት ትወርዳለች፣ አንዳች ነገር ቢገጥመንም በየከተማው ጋራዥ አለ። ከ70 እስከ 80 አላለፍንም።

አዋሽ ላይ ቆመን ዙህርና ዐስርን ጀምዕና ቀስር አድርገን ሰገድን። ተመልሰን ስናስነሳት አልነሳም አለች። መካኒኩ አስቀድመው ነግረውኝ ነበር፤ በሙቀት ቱቦው ውስጥ ያለው ቤንዚን ይተንናል፣ ፓምፑም መሳብ ያቅተዋል። የቤንዚን ፓምፑ ላይ እርጥብ ጨርቅ አድርገን ሃያ ደቂቃ ጠበቅን። ተነሳች። ከአዋሽ በኋላ ብዙዎቹ የጅቡቲ ከባድ መኪኖች ወደ ሚሌ ስለሚገነጠሉ መንገዱ ቀለለ። ሚኤሶን አልፈን አንድ መታጠፊያ ላይ ግመሎች አስፋልቱን ዘግተው አገኘናቸው። ፍሬኑን ረገጥኩት፤ ቀጥ ብላ ቆመች። እናቴ አንዴ ወደ ግመሎቹ፣ አንዴ ወደ እግሬ አየች። ምንም አላለችም። መግሪብ ሳይገባ ጭሮ ገብተን አደርን።

በማግስቱ ሽቅቡን በሁለተኛ፣ ቁልቁለቱንም በዚያው በሁለተኛ ማርሽ እየወረድን ቁሉቢን፣ ሐረማያን አልፈን ሐረር ገባን። አሮጌ ፔጆ 404 የሚነዱ የታክሲ ሾፌሮች ቮልሷን አይተው ፈገግ አሉ፤ የእኛ ዓይነት ሕመም የሚያውቁ ሰዎች ናቸው። አክስቴ ትራስ ተደግፋ ተቀመጠችልን። ሁለቱ እህቶች እጅ ለእጅ ተያይዘው አምስት ቀን ዋሉ አደሩ። ከተመለስን ከሁለት ወር በኋላ አክስቴ ወደ አኺራ ሄደች፤ አላህ ይዘንላት።

ስምንቱ ቀን እናቴን አስጨንቋታል። ያን ጭንቀት ቀላል ነበር ብዬ አላሳንሰውም። ዛሬም ቢሆን ግን ያንኑ አደርጋለሁ።

እናንተም አሮጌ መኪና ልትገዙ ካሰባችሁ፣ ያላችሁን ገንዘብ ሁሉ ለሻጩ አትስጡ። ሲሶውን ለፍሬን፣ ለጎማና ለቤንዚን ቱቦ አስቀሩት። ቀለሙ ይደርሳል። የምታሳፍሩት ሰው የእናንተ አማና ነው።