የማያረጅ ቪዲዮ

አንባቢ ሆይ፤ ስለ ዘመን አቈጣጠር የምናገርባት ትንሽ የዩቲዩብ ቻናል አለችኝ። በመጀመሪያው ዓመት የሰሞኑን ወሬ ሳሳድድ ከረምሁ፤ ሌሊት የደከምሁበት ቪዲዮ በሦስተኛው ቀን የሚያየው ያጣ ነበር። የደመወዜ እኩሌታ ለኢንተርኔት ሲሄድ ባለቤቴ ተቀየመች፤ አልፈርድባትም።

ልተወው ቈርጬ፣ ለስንብት ያህል የልደትን ዓመት ወደ ፈረንጅ አቈጣጠር መለወጫውን ቀረጽሁ፤ ከመስከረም 1 ጀምሮ ፈረንጆች ዓመታቸውን እስኪለውጡ 7፣ ከዚያ ወዲያ 8 ይጨመራል። ለጊዜው ዘመድ እንኳ አላየውም። ነገር ግን ፓስፖርት የሚያወጣና ፎርም የሚሞላ ሰው በየወሩ አይታጣምና፣ ዛሬ ከተከታዮቼ የሚበዙት የመጡት በዚችው በር ነው።

ጳጉሜን 6 ስትሆን የሚመጣውን የአንድ ቀን ልዩነት ግን ረስቼ ኖሯል፤ የ2016 ዓ.ም. መስከረም 1 ሴፕቴምበር 12 ቀን ሲውል አንድ ተማሪ ወቀሰኝ። እርሱንም ለብቻው ቀረጽሁት። ባለቤቴ አንዱንም ገና አላየችው።