የአቡነ ዮሴፍ ሌሊትና ድንኳን

ከገነተ ማርያም ወደ አቡነ ዮሴፍ ተራራ የሚወጣ መንገደኛ የዓፄ ይኩኖ አምላክን ዘመን ቤተ ክርስቲያን ከኋላው ትቶ ከ4,200 ሜትር በላይ ወዳለው ጫፍ ያቀናል። ጓሳና ጅባራ ከሚበቅልበት ደጋ ላይ ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ ጥርስ ያንቀጫቅጫል። የሌሊቱ ጤዛ ሣሩ ላይ ነጭ ውርጭ ሆኖ ያድራል፤ እርጥብ አፈር ውስጥ ያለው ውኃ ደግሞ ቀጥ ብሎ እንደ መርፌ ሲረጋ የላዩን አፈር ብድግ ያደርገዋል። ሲረገጥ ይንኮሻኮሻል።

አሳቹ ሰዓት ግን ንጋት ሳይሆን ረፋድ ነው። ፀሐይ ውርጩን ስትነካው አናቱ ይቀልጣል፣ ሥሩ ገና በረዶ ነው፤ መንገዱም ሳሙና ይሆናል። ጥላ ባረፈበት ገደል ዳር በረዶው እስከ ቀትር ላይለቅ ይችላል። ሲወርዱ እርምጃን ማሳጠር፣ ዱላን አስቀድሞ መትከል፣ ከልሙጡ ድንጋይ ይልቅ ሣሩን መርገጥ ይሻላል።

ሌላው ሐሳብ የሚሆነው ዕቃ ነው፤ ድንኳን ተተክሎ ሰው ወደ ጫፉ ሲወጣ ዕቃውን ማን ይጠብቀዋል? ሰው ሁሉ ሌባን ይፈራል፤ ቁራ ግን የባሰ ነው። ትልቁ የደጋ ቁራ በዚያ ወፍራም መንቁሩ ፌስታል ቀድዶ ዳቦውን ይዞ ይበራል። ሌሊት ደጅ ያደረ የቆዳ ጫማ ለጅብ ራት ነው። ምግብ ክዳን ባለው ዕቃ፣ ጫማ ድንኳን ውስጥ፣ ገንዘብና ስልክ ኪስ ውስጥ ይሁን። ከሁሉ የሚሻለው ግን አንድ የአገሩን ሰው በተስማሙበት ዋጋ ጠባቂ አድርጎ መተው ነው።