«መንገዱ ተከፍቷል» — ከዴም እስከ በረዶው ባሕር

ውድ የሠራዊታችን አባላትና የቤተሰብ ዓምዳችን አንባብያን፤ በዛሬው ጽሑፋችን ከካርቱም ከተማ አንድ ሠፈር ተነሥተን እስከ ሰሜን ዋልታ የበረዶ ባሕር እንጓዛለን። ሁለቱን ምን ያገናኛቸዋል ትሉን ይሆናል። የሚያገናኛቸው በትንሽ ጀልባ የሚሻገር ሰውና «መንገዱ ተከፍቷል» የምትል አንዲት ቃል ናት።

ወሩ ጥር፣ ዘመኑም 2010 ዓ.ም. ነበር። የወታደር ልብስ ገና ያልለበስን የሃያ ዓመት ወጣት ሳለን፣ እናታችንን ተከትለን ታላቅ እኅታቸውን ለመጠየቅ ከጎንደር ተነሣን። መተማ ስንደርስ እናታችን ከመኪናው ወርደው፣ «ዮሐንስ የወደቁባት ምድር ይህች ናት» በማለት አንገታቸውን ደፍተው ጥቂት ቆሙ። አፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1881 ዓ.ም. በዚያ ከደርቡሾች ጋር ሲዋጉ መውደቃቸው የታወቀ ነው። ከዚያም ድንበሩን ተሻግረን ከጋላባት ወደ ገዳሪፍ፣ ከገዳሪፍም ወደ ወድ መደኒ የሚወስደውን መንገድ ያዝን። ሜዳው ለዓይን ማረፊያ የሚሆን ተራራ የለውም። ከደጋ የመጣ ሰው ርቀቱን የሚለካበት ነገር ያጣል።

ዴም ከካርቱም መሐል ከተማ በስተደቡብ የምትገኝ ሠፈር ናት። በእንግሊዝ አስተዳደር ማብቂያ ዓመታት አሮጌዎቹ ዴሞች ፈርሰው ነዋሪዎቻቸው ወደ አዲሱ ሥፍራ በተዛወሩ ጊዜ የተቆረቆረች የሠራተኛ መንደር ስትሆን፣ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ በየዘመኑ የተሰደደውን ሁሉ ተቀብላ አኑራለች። በዚያን ጊዜ በመንገዶቿ ላይ ሲሄዱ በአንድ ወገን ዐረብኛ፣ በሌላው ወገን አማርኛና ትግርኛ ይሰማ ነበር። እንጀራ ይሸጣል፤ ቡና ይወቀጣል፤ ማታ ማታ ከየቤቱ የሀገራችን ዘፈን ይሰማል። አገሩን ያጣ ሰው አገር መሰል ነገር ለመሥራት ምን ያህል እንደሚጥር ለማየት ዴምን ማየት ይበቃ ነበር።

አክስታችን በዚያ ሠፈር ከሃያ ዓመት በላይ ቡና እየሸጡ ኖረዋል። ባላቸው በሞት ሲለዩዋቸው አንድ ወንድ ልጃቸውን ያሳደጉት በዚያችው ጀበና ነበር። ልጁ ከእኛ በሁለት ዓመት ይበልጣል፤ ሳቂታ፣ እጁ ለሥራ የማይሰንፍ፣ የመኪና ኤሌክትሪክ ሥራ የተማረ ወጣት ነበር።

በሦስተኛው ቀን ይኸው የአክስታችን ልጅ ሁለቱ ዓባዮች ወደሚገናኙበት ሞግራን ወደሚባለው ሥፍራ ወሰደን። በጥር ወር ዓባያችን ጎድሎና ጠርቶ ይደርሳል፤ ነጭ ዓባይ ደግሞ ነጣ ብሎ፣ ሰፍቶና ዝግ ብሎ ይመጣል። ከተገናኙም በኋላ ሁለቱ ውኆች ወዲያው አይዋሃዱም፤ ጎን ለጎን ጥቂት መንገድ ይሄዳሉ። ወዲያ ማዶ የቱቲ ደሴት ይታያል። እናታችን የጎርጎራ ተወላጅ ናቸው። ከጣና የወጣውን ውኃ በባዕድ አገር ባዩት ጊዜ ጎንበስ ብለው በእጃቸው ዘገኑና ፊታቸውን አበሱ።

አንድ ሽማግሌ ባለጀልባ በትንሽ ጀልባቸው አሳፈሩን። ሞተሩን ከማስነሣታቸው በፊት ውኃውን ለረዥም ጊዜ ተመለከቱ። አሸዋው በየዓመቱ ቦታውን እንደሚለውጥ፣ በክረምት ጎርፍ ጊዜ የሚሄዱበትን መንገድ በበጋ እንደማይሄዱበት የአክስታችን ልጅ እያስተረጎመ አስረዱን። እናታችንም ነገሩ ገብቷቸው፣ «እኛስ ጋር ታንኳ መች ዝም ብሎ ይገባበታል? ደንገሉ ውኃ ይጠጣል፤ አውጥተው ካላደረቁት ይዞ ይሰምጣል» አሉ።

የአክስታችን ልጅ ግን ሐሳቡ ሌላ ዘንድ ነበር። ከጀልባው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ባሕሩስ ከዚህ በምን ይለያል? ደላላው በበጋቸው ባሕሩ ይተኛል ብሎኛል። አሁን መንገዱ ተከፍቷል ይላሉ። አንተ ምን ትላለህ?» ብሎ ጠየቀን።

እውነቱን ለመናገር፣ ምንም አላልንም። ስለ ባሕር የምናውቀው አልነበረንም፤ ያላወቅነውን አላውቅም ማለትም አፈርን። ከዚያም በላይ፣ ድፍረቱን አደነቅንለት። ያ ዝምታ እስከ ዛሬ ይቆጨናል።

ከዓመታት በኋላ በጦር አካዳሚ ሳለን፣ ስለ ካርታና ስለ አቅጣጫ መሣሪያ የሚያስረዳ ትምህርት ሲሰጠን፣ ኮምፓስ ወደ ሰሜናዊው የመግነጢስ ዋልታ አካባቢ በቀረበ መጠን እምነት እንደማይጣልበት ተማርን። ታዲያ በዚያ ባሕር የሚጓዙት ሰዎች በምን ይመራሉ? ብለን ጠየቅን። መልሱን ፍለጋ ያገኘነውን ሁሉ ስናነብ ያችው የደላላው ቃል እንደገና ከፊታችን ቆመች፤ «በረዶው ሸሽቷል፤ መንገዱ ተከፍቷል» ትላለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከአትላንቲክ ውቅያኖስ ተነሥቶ በካናዳ ሰሜናዊ ደሴቶች መካከል አልፎ ወደ ፓስፊክ የሚያደርስ፣ የሰሜን ምዕራብ መተላለፊያ የሚባል የባሕር መንገድ አለ። እ.ኤ.አ. በ1845 የእንግሊዙ ጆን ፍራንክሊን ይህን መንገድ ለመክፈት በሁለት ታላላቅ መርከቦች ወጣ። በረዶው ያዛቸው፤ 129 ሰዎች አንድ ሳይቀር አለቁ። መርከቦቻቸው ከባሕር ሥር የተገኙት እ.ኤ.አ. በ2014 እና በ2016 ነው።

መንገዱን በባሕር ለመጀመሪያ ጊዜ የፈጸመው በትንሽ ጀልባ የሄደ ሰው ነው። ኖርዌጃዊው ሮአልድ አሙንድሰን እ.ኤ.አ. በ1903 ዓሣ ሲጠመድባት በኖረች፣ ርዝመቷ 21 ሜትር ገደማ በሆነች ዮአ በምትባል መርከብ፣ ከስድስት ጓደኞቹ ጋር ወጣ። ፍራንክሊን በሠራዊትና በብረት ያላገኘውን እርሱ በምን አገኘው? በመጠበቅና በመማር ነው። በአንድ የተከለለ ወደብ ሁለት ክረምት ቆየ። በዚያ የሚኖሩትን የኢኑዊት ሕዝብ አስተማሪዎቹ አድርጎ ከቆዳ የሚሰፋ ልብስ አለባበስን፣ በውሻ የሚጎተት ስላይድ አነዳድን ተማረ። በሦስተኛውም ክረምት በረዶው ሲያግደው አልታገለውም፤ ዳግመኛ ተቀመጠ። ዳር የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1906 ነው።

ዛሬ ያ ባሕር ተለውጧል። በሳተላይት መለካት ከተጀመረበት እ.ኤ.አ. 1979 ወዲህ፣ በየዓመቱ በመስከረም የሚቀረው የበረዶ ስፋት እየቀነሰ ሄዷል። በዚያን ዘመን 7 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የነበረው፣ እ.ኤ.አ. በ2012 ወደ 3.4 ሚሊዮን ወርዷል። የምድራችን ሙቀት መጨመሩ ነው ምክንያቱ። በዚህም የተነሣ፣ ቀድሞ ለታላላቅ መርከቦች እንኳ ዝግ በነበረው ባሕር፣ ሁለትና ሦስት ሰው የሚይዙ ባለ ሸራ ጀልባዎች በበጋው ወራት መመላለስ ጀምረዋል።

ይሁን እንጂ በረዶው ሸሸ ማለት ጠፋ ማለት አይደለም። ስስ የሆነው የአንድ ዓመት በረዶ ሲቀልጥ፣ እንደ አጥር ሆኖ ያገደው ብዙ ዓመት የቆየ ወፍራም በረዶ ከሰሜን ተነቅሎ ወደ ጠባቦቹ መተላለፊያዎች ይወርዳል። ነፋስ ይገፋዋል፤ ሞገድ ያሽከረክረዋል። ጠዋት ክፍት የነበረው ሥፍራ ማታ ይዘጋል። ውኃው ደግሞ ገላጣ በሆነ መጠን ነፋሱ ርቆ ይሮጣል፤ ማዕበሉም ከፍ ይላል። የቆመ ጠላት ሥፍራው ይታወቃል፤ የሚንቀሳቀስ ጠላት ግን ከየት እንደሚመጣ አይታወቅም። ይህን የምታውቁት እናንተ ናችሁ።

እ.ኤ.አ. በ2018 ክረምት የሆነውም ይኸው ነው። መንገዱ ተከፍቷል ብለው የወጡ ብዙ ጀልባዎች መተላለፊያው በበረዶ ታፍኖ ስላገኙት ተመለሱ። ከእነርሱ አንዷ በነሐሴ ወር ቤሎት በሚባለው ጠባብ የባሕር መተላለፊያ አጠገብ በበረዶ ተጨፍልቃ ሰጠመች። ሁለቱ ተሳፋሪዎች ተንሳፋፊ በረዶ ላይ ወጡ። የጭንቅ ጥሪያቸው ተሰምቶ የካናዳ የባሕር ጠረፍ ጥበቃ ሄሊኮፕተር ልኮ በሕይወት አወጣቸው። እነዚህ ሰዎች ካርታ ነበራቸው፤ የሚገባ ልብስ ነበራቸው፤ የሚፈልጋቸው መንግሥት ነበራቸው። ይህ ሁሉ ሆኖ እንኳ የዳኑት ለጥቂት ነው።

አሁን ወደ ዴም እንመለስ። በዚያችው ዓመት፣ በነሐሴ 2010 ዓ.ም.፣ የአክስታችን ልጅ ከሊቢያ ጠረፍ ለእናቱ ስልክ ደወለ። በሰሃራ በኩል ካለፈ ወራት ሆኖት ነበር። በመሐሉ ያገቱት ሰዎች ገንዘብ ጠይቀው፣ አክስታችን የአንገት ወርቃቸውን ሽጠው ልከውለታል። «እማዬ፣ ነገ ሌሊት እንገባለን። ባሕሩ ተኝቷል፤ አይዞሽ» አላቸው። የመጨረሻ ቃሉ ይህ ነው።

በኋላ የሚገቡበት ጀልባ ምን ዓይነት እንደሆነ ከተመለሱ ሰዎች ሰማን። በአየር የተነፋ ላስቲክ ነው። ለጥቂት ሰው የተሠራው ከመቶ በላይ ይጫንበታል። ከትሪፖሊ እስከ ላምፔዱዛ ደሴት 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ የሚሰጣቸው ነዳጅ ለዚያ የሚበቃ አይደለም። ነዳጁ ከጨው ውኃ ጋር ተቀላቅሎ በእግራቸው ሥር ሲፈስ የሴቶችንና የሕፃናትን ገላ ያቃጥላል። የሚነዳው መርከበኛ አይደለም፤ ከተሳፋሪዎቹ አንዱ ነው። ዓለም አቀፉ የፍልሰት ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ በሜዲትራንያን ባሕር ሞተዋል ወይም ጠፍተዋል ብሎ የመዘገባቸው ከ30 ሺህ በላይ ናቸው። የአክስታችን ልጅ ከእነዚህ መካከል ይቆጠር አይቆጠር የሚነግረን የለም።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነት ፈነዳ። ዴም ተበተነች። ጎረቤቶች በየአቅጣጫው ሲሸሹ፣ ብዙዎችም በመተማ በኩል ወደ አገራቸው ሲገቡ፣ አክስታችን ግን አልወጣም አሉ። ውኃ ተቋርጦ፣ ጥይት በጣራ ላይ እያለፈ ከቤታቸው አልተነቃነቁም። እናታችን በስልክ እያለቀሱ ሲለምኗቸው የመለሱት መልስ ከጆሯችን አይጠፋም። «እርሱ የሚያውቀው ይህን ቤት ብቻ ነው። ቢመለስ ማን በር ይከፍትለታል?»

በመጨረሻ ጎረቤቶቻቸው በግድ ይዘዋቸው ወጡ። ከመውጣታቸው በፊት የእናታችንን ስልክ ቁጥር በከሰል በበሩ ላይ ጽፈዋል። ዛሬ ጎንደር ከእናታችን ጋር ይኖራሉ። የሱዳኑን ስልካቸውን ይሞሉታል፤ ጥሪ ባይቀበልም አያጠፉትም።

ዓባይም ቢሆን ባየነው ጠባዩ አልቀረም። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ የክረምቱን ውኃ ለበጋ የሚያካፍል በመሆኑ፣ የሞግራኑ ሽማግሌ በሕይወት ካሉ ወንዛቸውን እንደ አዲስ መማር ግድ ይሆንባቸዋል። ውኃ ሲለወጥ የትናንት ዕውቀት ብቻውን አይበቃም። እርሳቸው ግን ሞተር ከማስነሣታቸው በፊት ውኃውን የሚመለከቱ ሰው ናቸውና ይማሩታል ብለን እናምናለን።

ውድ አንባብያን፤ በእያንዳንዳችን ቤት ታናሽ ወንድም፣ የባለቤት እኅት ወይም የጎረቤት ልጅ አለ። አንድ ቀን «መንገዱ ተከፍቷል ይላሉ፤ ምን ትላለህ?» ብሎ የሚጠይቀን አይጠፋም። ችግሩን አንናቅበት፤ ሥራ ማጣት የሚያንገበግብ ነገር ነው። ስድብና ቁጣም አይመልሰውም። ነገር ግን እኛ በሞግራን ጀልባ ላይ እንዳደረግነው ዝም አንበል። ሦስት ጥያቄ እንጠይቀው። መንገዱ ተከፍቷል ያለህ ሰው ራሱ ሄዶበት ያውቃልን? የምትሳፈርበትን ጀልባ ዓይተኸዋልን? ብትጠፋስ የሚፈልግህ ማን ነው?

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጥያቄዎች ደላላው በውሸት ሊመልሳቸው ይችላል። ሦስተኛውን ግን አይችልም። የሦስተኛው መልስ ጎንደር ውስጥ በአንዲት ክፍል፣ የማይጮኽ ስልክ አጠገብ ተቀምጠው ቡና ያፈላሉ፤ ሲቀዱም አንድ ሲኒ ትርፍ ያስቀምጣሉ።