«ሁሉም ኖርማል ነው» ተብሎ ለተመለሰ ሰው

ድካም ይዞት ሐኪም ቤት የሚሄድ ሰው የሚያልፍበትን መንገድ አብዛኞቻችን እናውቀዋለን። ካርድ ይወጣል፤ ደም፣ ሽንትና ሰገራ ይሰጣል። ውጤቱ «ታይፎይድና ታይፈስ» ነው፤ ካልሆነም ጨጓራ። መድኃኒቱ ተውጦ ያልቃል፣ ድካሙ ግን እንዳለ ነው። ሌላ ክሊኒክ፣ ሌላ ደም። በመጨረሻ አንዱ ዘንድ «ሁሉም ኖርማል ነው፣ ምንም የለብሽም፤ ዝም ብለሽ አታስቢ» ተብሎ መሸኘት ይመጣል። እኔ ይሄ አሸኛኘት ሰው ይጎዳል ባይ ነኝ።

አክስቴን ይዤ የተንከራተትኩበት ጊዜ ነበር። ፌስታል ሙሉ የምርመራ ወረቀት ይዛ ነው የምትዞረው፤ ብዙዎቹ ላይ ያው የዊዳል ውጤት ሰፍሯል። ዊዳል እ.ኤ.አ. በ1896 የተጀመረ የታይፎይድ ምርመራ ነው። የሚያየው ተሕዋሲውን ራሱን ሳይሆን ሰውነት የሠራውን አንቲቦዲ ስለሆነ፣ ታይፎይድ በሚበዛበት አገር ድሮ በሽታው ነክቶት ያለፈ ጤነኛ ሰውም «ፖዘቲቭ» ሊባል ይችላል። ትኩሳት ሳይኖራት ለወራት አቅም ያጣች ሴት በአንድ ዊዳል ብቻ አንቲባዮቲክ ስትውጥ ትከርማለች። አክስቴ ላይ የደረሰው ይኸው ነው።

ደም አይታይ ማለቴ አይደለም። እንዲያውም መጀመሪያ መታየት ያለበት እሱ ነው። ደም ማነስ፣ የታይሮይድ ዕጢ ሥራ መቀነስ፣ ስኳር፣ የኩላሊትና የልብ ሕመም፣ ቲቢ፣ ኤችአይቪ፣ የቫይታሚን ቢ12 እጥረት ሁሉም ሰውን ያደክማሉ። እንደ ፕሮፕራኖሎል ያሉ የግፊትና የልብ መድኃኒቶችም ያዝላሉ። ክብደቱ ሳያስበው የቀነሰ፣ ሌሊት ላብ የሚያጠምቀው፣ ሳሉ ሁለት ሳምንት ያለፈው ሰው «ሐሳብ ነው» ተብሎ ቢሸኝ ትልቅ ጥፋት ነው። የኔ ክርክር ሌላ ነው። ደሙ ንጹሕ ሲሆን ጥያቄው መቀጠል ሲገባው እዚያው ይቆማል።

አክስቴን በመጨረሻ ያገኘቻት አንዲት ወጣት የጤና መኮንን ናት። ፌስታሉን ተቀብላ ወረቀቱን አንድ በአንድ አየችና ወደ ጎን አደረገችው። «እማማ፣ ድካሙ የሚብስብዎት ጠዋት ሲነሱ ነው ወይስ ሥራ ሲሠሩ ውለው?» አለቻት። ጠዋት ነበር። «እንቅልፍስ?» «ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ዓይኔ ይፈጣል፤ ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ የሚባል የለም።» ልጅቱ ትንሽ ዝም አለችና «ቡናስ? ከጎረቤት ጋር ትጠጣላችሁ?» ብላ ጠየቀች። አክስቴ «በየት አንጀቴ ልጄ! ጀበና ከጣድኩ ስንት ጊዜዬ!» አለችና እንባዋ መጣ። ያን ሁሉ ክሊኒክ ስንዞር ስለ ቡና የጠየቃት ሰው አልነበረም።

ጥያቄው ተራ ወሬ ሊመስል ይችላል፤ ግን ትክክለኛ የሕክምና ጥያቄ ነው። የድብርት ሕመም ሁለት ዋና ምልክቶች አሉት። አንዱ የማይለቅ ሐዘን ወይም ባዶነት ነው፤ ሌላው ድሮ ደስ ይል የነበረው ነገር ሁሉ ደስ ማለቱን ሲተው ነው። ከሁለቱ ቢያንስ አንዱ ከሌሎች ምልክቶች ጋር ሆኖ ለሁለት ሳምንት፣ በየቀኑ ለማለት በሚቻል ሁኔታ ከቆየና የዕለት ኑሮን ካወከ ሐኪም ድብርትን ያስባል። ሌሎቹ ምልክቶች የእንቅልፍና የምግብ ፍላጎት መዛባት፣ ድካም፣ ሐሳብ መሰብሰብ ማቃት፣ ራስን መውቀስ፣ የእንቅስቃሴ መጓተት ወይም መቁነጥነጥ፣ የሞት ሐሳብ ናቸው። ፒኤችኪው 9 የሚባለው ባለ ዘጠኝ ጥያቄ መለኪያ እነዚህኑ ይጠይቃል። በአማርኛ ተተርጉሞም አዲስ አበባ ላይ ተፈትሿል። ብቻውን ፍርድ አይሰጥም፤ በር ግን ይከፍታል። እኛ ዘንድ ሰው «አዝኛለሁ» ብሎ ሐኪም ቤት አይሄድም። ራሴን ይወቅረኛል፣ ልቤን ያፍነኛል፣ ሰውነቴን ያቃጥለኛል፣ አቅም አጣሁ ይላል። ሕመሙ በእውነት ሰውነቱ ላይ አለ፤ አልዋሸም።

ጭንቀት ከዚህ ይለያል። የድብርት ሰው ነገሩ ሁሉ ያበቃ ሲመስለው፣ የጭንቀት ሰው ገና ሊመጣ ያለውን ይፈራል። ለስድስት ወርና ከዚያ በላይ አብዛኛውን ቀን ልጓም የሌለው ሥጋት ሲይዝ አንድ የታወቀ የጭንቀት ሕመም ነው። ድንገት የሚነሳው ጭንቀት ደግሞ ሰው እኩለ ሌሊት ላይ ድንገተኛ ክፍል ያስገባል። ልብ ይደልቃል፣ ደረት ይጨመቃል፣ እጅና ከንፈር ይደነዝዛል። መደንዘዙ ምክንያት አለው፤ ሰው ሲፈራ ቶሎ ቶሎ ሲተነፍስ በደሙ ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይቀንሳል። ፍርሃቱ በደቂቃዎች ውስጥ ጫፍ ይደርስና ይበርዳል። ኢሲጂው ንጹሕ ሲሆን «የልብ ሕመም የለብህም» ማለት ተገቢ ነው፤ «ዝም ብለህ ነው» ማለት ግን ስሕተት ነው።

ውጥረት ለብቻው በሽታ አይደለም። ሃንስ ሴልዬ እ.ኤ.አ. በ1936 ባሳተመው አጭር ጽሑፍ፣ አይጦች በብርድም ሆነ በጉዳት ወይም ከአቅም በላይ በሆነ ድካም ሲጨነቁ ሰውነታቸው በተመሳሳይ መንገድ እንደሚመልስ አሳየ። አድሬናል ዕጢያቸው አብጦ፣ ጨጓራቸው ቆስሎ ተገኘ። ዛሬ መንገዱ ይታወቃል፤ አንጎል ያዛል፣ ከኩላሊት በላይ ያሉት ዕጢዎች አድሬናሊንና ኮርቲሶል ይለቃሉ። የቤት ኪራይ ሲጨምር፣ ልጅ ዓረብ አገር ሄዳ ስልኳ ሲጠፋ ሰውነት የሚገባው በዚህ ሁኔታ ውስጥ ነው። ምክንያቱ ሲቃለል ብዙ ጊዜ ይለቃል። ሳይቃለል ከሰነበተ ግን ለድብርትም ለጭንቀትም መንገድ ይጠርጋል። በሥራ ብዛት ተሟጦ መውደቅን የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ከሥራ ጋር የተያያዘ ክስተት እንጂ በሽታ አይደለም ብሎ መድቦታል። ለእንዲህ ያለው ሰው መፍትሔው ሥራው እንዲቀለው ማድረግ ነው።

ስለ ሕክምናው፦ «አንጎል ውስጥ ሴሮቶኒን አንሷል» የሚለው የቆየ ማብራሪያ በጥናት አልጸናም። ሆኖም ምክንያቱ በቅጡ አለመታወቁ መድኃኒቱን ከንቱ አያደርገውም፤ ለብዙ ሰው ይሠራል። ፍሉኦክሰቲንም ሆነ አሚትሪፕቲሊን ለውጡ የሚታወቀው ብዙ ጊዜ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ቆይቶ ነው። በሳምንቱ «አልሠራልኝም» ብሎ የሚጥለው ብዙ ነው፤ ሲሻለው በራሱ ፈቃድ በድንገት የሚያቆመውም እንዲሁ። የምክር ሕክምናም መድኃኒት ነው። ለአክስቴም ከክኒኑ ጋር የታዘዘላት ትንሽ ነገር ነበር፤ ደስ ባይላትም በሳምንት የተወሰነ ቀን ቡና እንድታፈላ። ጸበሏንም አልተወችም፤ የጤና መኮንኗም ይተዉ አላለቻትም።

ሕክምናው ሩቅ ነው የሚል ካለ እውነት አለው፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአእምሮ ሐኪሞችን እዚሁ ማሠልጠን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው፤ ከዚያ በፊት ውጭ መሄድ ግድ ነበር። ዛሬም ቁጥራቸው ለሕዝቡ እጅግ ጥቂት ነው። ስለዚህ ሁሉንም ወደ አማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታል መላክ አያዋጣም። ጤና ጣቢያ ያለ ነርስና ጤና መኮንን ሠልጥኖ ጥያቄውን መጠየቅ አለበት፤ ደግሞም ይችላል።

እናንተም ቤት ውስጥ መጠየቅ ትችላላችሁ። «ሞት ይሻለኛል» የሚል ሰው ካለ «አፍህን በቁርባን!» ብላችሁ አታስቁሙት። ራሱን ለማጥፋት አስቦ እንደሆነ በግልጽ ጠይቁት፤ መጠየቅ ያላሰበውን ሰው ወደዚያ አይመራም። «አዎ» ካለ ብቻውን አትተዉት፣ ቤት ያለውን መርዝና መድኃኒት ከእጁ አርቁ፣ በዚያው ቀን ይዛችሁት ወደ ሐኪም ቤት ሂዱ።