ባለቤት ያለው ወሬ፦ የአዲስ ቅዳም ገበያና ማስታወቂያው

በእንጅባራና በዳንግላ መካከል ስላለችው አዲስ ቅዳም መንገደኛ ሁሉ የሚያውቀውን እዚህ መድገም አያስፈልግም። የፋግታ ለኮማ ወረዳ መቀመጫ ናት፤ ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር የሚወስደው አውራ ጎዳና ያልፍባታል፤ ብርዷና ድንቿም ለማንም አዲስ አይደሉም። ስሟን ግን ብዙ ሰው ሰምቶ ያልፈዋል። ከተሞቻችን በአብዛኛው ስማቸውን የሚያገኙት ከተራራ፣ ከወንዝ፣ ከታቦት ወይም ከሹም ነው፤ ይህች ግን በገበያ ቀኗ ተጠራች። ቅዳም በጎጃም አፍ ቅዳሜ ማለት ነው። ገበያ ደግሞ ለገበሬ መሸጫና መግዣ ብቻ ሆኖ አያውቅም። የጠፋ ከብት የሚፈለገው፣ የሚከራይ መሬት የሚሰማው፣ የመርዶና የሠርግ ጥሪ ለሩቅ ዘመድ የሚላከው እዚያው ነው። ስለዚህ በቅዳሜ የተሰየመችን ከተማ በዜናዋ መመዘን ያስኬዳል። የዚህ ጽሑፍ ክርክርም አንድ ነው፦ በገበሬ አገር ማስታወቂያ የሚታመነው ከኋላው የሚጠየቅ ሰው ሲቆም ነው፤ ወረቀቱም፣ ሬዲዮውም፣ ስልኩም የሚረዱት ያንን ሰው እስካላስጠፉት ድረስ ነው። አዲስ ቅዳም ይህን ከእንጅባራም ከዳንግላም ባላነሰ፣ ምናልባትም በበለጠ፣ ታውቅበታለች።

ወሬ የማያልቅባቸው አንድ የከተማዋ አዛውንት የዜና ሁሉ መጀመሪያ ከብት ነው ባይ ናቸው። በሬ የጠፋበት ሰው ገበያ ወጥቶ እንዲሁ «ጠፋኝ» ብቻ አይልም። ቀይ ይሁን ቡሬ፣ ግንባሩ ቦቃ ይሁን አይሁን፣ ቀንዱ ይድፋ ወይም ጎዳ ይሁን ይናገራል። ከዚያ የጠፋበትን ቀንና ሲግጥ የነበረበትን መስክ፣ በመጨረሻም ራሱን ያስታውቃል፤ የማን ልጅ እንደሆነ፣ ከየትኛው አጥቢያ እንደመጣ። አዛውንቱ አጥብቀው የሚያስረዱት ግን የማይነገረውን ነው። ጠንቃቃ ባለከብት አንዲት ምልክት ለራሱ ያስቀራል፤ ከጆሮ ሥር ያለች ጠባሳ ወይም ከሆድ በታች የተሸሸገች ነጭ ነጥብ ልትሆን ትችላለች። አየሁት ብሎ ወሮታ የሚጠይቅ ሲመጣ የሚፈተነው በእሷ ነው። የባዘነ ከብት ያገኘ ሰውም እንዲሁ መልኩን በደፈናው አስነግሮ ልዩ ምልክቱን ይይዛል፤ ባለቤት ነኝ የሚለው ሰው ያቺን ካልተናገረ ገመዱን አይጨብጥም። በከተማ ጋዜጣ ላይ የሚወጣው የጠፋ ሰነድ ማስታወቂያ ይህን ብልሃት አያውቅም፤ ቁጥሩን፣ ቀኑንና የባለቤቱን ስም አንድ ሳያስቀር ዘርዝሮ ለአጭበርባሪም ለቅን ሰውም እኩል ያድላል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የጠፋ ነገር ያገኘ ሰው እንዲያስታውቅ ያዝዛል። እንዴት ቢያስታውቅ ይበጃል ለሚለው ጥያቄ ግን የገበያው ልማድ ከሕጉ ይልቅ የረቀቀ መልስ አለው።

ከብት ሲሸጥም ያው ነው። ሻጩን የማያውቅ ገዢ ዋስ ይጠይቃል። ዋሱ የሚመሰክረው ስለ በሬው ጥርስና ጉልበት ብቻ ሳይሆን በሬው የሌላ ሰው አለመሆኑን ጭምር ነው፤ ነገ ባለቤት ነኝ የሚል ቢነሳ የሚፈለገው ያ ዋስ ነው። «የሚሸጥ በሬ አለ» የሚለው ቃል በዚህ መንገድ ከወሬነት ወጥቶ ግዴታ ይሆናል። የከተማው ደላላ ውሉ ከተፈረመ በኋላ ስልኩን ሲዘጋ ለታዘበ አንባቢ ልዩነቱን ማብራራት አያስፈልግም።

ይህ ልማድ የጥቂት ብልህ ገበሬዎች ፈጠራ አይደለም፤ የአገሪቱ የዜና ታሪክ ራሱ ከዚያ ተነሥቷል። የቀድሞው መንግሥት አዋጁን የሚያስነግረው ሕዝብ በሚሰበሰብበት ገበያ ነበር፤ ነጋሪት ይጎሰማል፣ አዋጅ ነጋሪው ይጮኻል፣ «የሰማህ ላልሰማ አሰማ» ይባላል። ይህች ማሰሪያ እንደ ማስዋቢያ ትቆጠር ይሆናል፤ ነገሩን የተሸከመችው ግን እሷ ናት። ሰሚው ሰምቶ ዝም እንዳይል፣ የተነገረውን ተሸክሞ ወደ ጎጡ እንዲገባ ታስገድደዋለች። በ1934 ዓ.ም. የሕግ ጋዜጣ ሲቋቋም «ነጋሪት ጋዜጣ» መባሉም ያንኑ ድምፅ ለመውረስ ነው። ስሙ ተወረሰ፤ ሰሚውን አሰሚ የሚያደርገው ግዴታ ግን ለወረቀቱ አልተላለፈም። ሌባ ሲጠፋ አገሬው ተሰብስቦ የሚመካከርበት አፈርሳታ ወይም አውጫጭኝም በዚሁ ሐሳብ ላይ የቆመ ነበር፤ ያየ ሰው ዝም ቢል ጥፋቱ የሁሉ ይሆናል። ጭካኔው አይካድም፤ ንጹሕ ሰውም አብሮ ተጉላልቶበታል። ነገር ግን ዜና መናገር የዜጋ ግዴታ እንጂ ጨዋታ አለመሆኑን የዚያን ያህል አጥብቆ ያስተማረ ሥርዓት ማግኘት ይከብዳል።

አዲስ ቅዳምን የሚያስመካት ደግሞ ፈረሱ ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ መቆየት ይገባል። የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተ ነው። ዓድዋ ላይ የዋሉትን አርበኞችና ፈረሶቻቸውን ለመዘከር ጥር 23 ቀን፣ በዕለተ ጊዮርጊስ፣ እንጅባራ ላይ የሚታየው ትዕይንት ዛሬ የአገር ጎብኚ ይዞ ይመጣል። እንጅባራ በዓሉን ታስተናግድ እንጂ ፈረሱ የሚቀለበው እንደ ፋግታ ለኮማ ባሉ የገጠር ቀበሌዎች ነው፤ ይህን የአዲስ ቅዳም ሰው ሳይጠየቅም ይናገረዋል። ጎብኚው የሚያየው ጉግሱንና ሽልማቱን ነው። የአገሬው ሰው ግን ፈረሱን እንደ ጽሑፍ ያነበዋል። ዳማ ይሁን ጉራቻ፣ ቦራ ይሁን አምባላይ፣ ከሩቅ ሲታይ የማን ቤት ፈረስ እንደሆነ ይለያል፤ ኮርቻውና ልባቡ እንዴት እንደተዘጋጀ አይቶም ፈረሰኛው ለሠርግ ይሁን ለለቅሶ እንደሚሄድ ይገምታል። ትልቅ ሰው ሲሞት ፈረሰኞች በለቅሶው ላይ ይሰለፋሉ፤ የሟቹ ፈረስ ያለ ጌታው ሲወጣ መርዶው ያለ ቃል ይነገራል። የማኅበሩ አባላት በየቀበሌው ተደራጅተው ለሐዘንም ለደስታም ስለሚጠራሩ አንድ ዜና ሌሊቱን ከደጋው ጫፍ እስከ ሌላው ጫፍ መድረሱ አያስደንቅም። ፈረሰኛው የያዘው መልእክት ሐሰት ቢሆን የሚያፍረው በስሙና በፈረሱ ስም ጭምር ነው። ይህን የመሰለ ማረጋገጫ ያለው ጋዜጣ የትም አልታተመም።

እዚህ ላይ ብርቱ ተቃውሞ ይነሣል። ገበያ የእውነት ብቻ ሳይሆን የአሉባልታም ቤት ነው፤ የገበያ ወሬ የሚለው አነጋገር ራሱ ንቀት አለበት። ተቃውሞው እውነት አለው፤ የከሰሉ ነገር ይመሰክራል። ባለፉት ሁለት ሦስት ዐሥርት ዓመታት የፋግታ ለኮማ ገበሬ አሲድ የበላውን መሬቱን ዲከረንስ የተባለ ዛፍ አልብሶታል። በመጀመሪያው ዓመት ከችግኙ መካከል ጤፍ ይዘራል፣ ቀጥሎ ሣሩን ያጭዳል፣ በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ዓመት ዛፉን ቆርጦ ከሰል ያከስላል፤ ከሰሉም በማዳበሪያ ከረጢት ተሞልቶ አዲስ አበባ ድረስ ይጫናል። የዚህ ሁሉ ድካም ዋጋ የሚወሰነው ግን ገበሬው በማያየው ገበያ ነው። የመኪናው ባለቤትና ደላላው «አዲስ አበባ ላይ ወርዷል» ካሉ፣ አዲስ ቅዳም ላይ ቆሞ የሚያስተባብል የለም። ሆኖም ይህ የቃል ዜናን ውድቀት አያሳይም። የበሬው ሻጭ ዋስ ሲጠራ፣ የከሰሉ ዋጋ ነጋሪ ለተናገረው ቃል ዋስ አልተጠየቀም። ገበሬው የተጎዳው ወሬው በአፍ ስለመጣ ሳይሆን ባለቤት አልባ ሆኖ ስለመጣ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ዲከረንሱን የዝገት በሽታ ሲመታውም ያው ጥያቄ ነበር የሚጠቅመው፦ የማን ማሳ ነው፣ መቼ ታየ፣ ቅጠሉ ምን መሰለ። ይህን መልሶ መጠየቅ የሚቻለው ባለማሳው በአካል በሚገኝበት ስፍራ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ የዘመን ነው፤ ሬዲዮና ስልክ እያለ ስለ ገበያ ልፈፋ ማውራት የሽማግሌ ናፍቆት ነው ይባላል። የተሠራውን መካድ ግፍ ይሆናል። ከባሕር ዳር የምትወጣው በኩር በአማርኛ፣ ቺርቤዋ ደግሞ በአውኚ ይታተማሉ። በ2000 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የምርት ገበያ የቡናና የሰሊጥ ዋጋን በስልክ አሰምቷል። በ2006 ዓ.ም. የተከፈተው 8028 የስልክ መስመር ለገበሬው የግብርና ምክር በነጻ አቅርቧል። ነገር ግን የአዲስ ቅዳም ገበሬ ቡናም ሰሊጥም አያመርትም፤ ድንቹና ከሰሉ በምርት ገበያው ሰሌዳ ላይ አልወጡም። 8028 ሲጀመርም ምክሩ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በትግርኛ ነበር፤ አውኚ የሚናገር አሮጊት ከልጇ አስተርጓሚነት ልታመልጥ አልቻለችም። ከሁሉ በላይ ስልክ ሊቆረጥ ይችላል። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲዘጋ፣ ስልኩን ብቻ ተማምኖ የነበረ ሁሉ ወደ አፍና ጆሮ ተመልሷል። እርግጥ መንገድ ሲዘጋ ገበያም ይጎዳል፤ ቢሆንም የተበተነ ገበያ መንገዱ በተከፈተ ማግስት ራሱን ይሰበስባል፤ ፈቃድ ሰጪም ማማም አያስፈልገውም።

እስካሁን ለቃል ተከራክሬያለሁ፤ አንድ ቦታ ላይ ግን ለወረቀት እጅ መስጠት ግድ ይላል። ዲከረንስ የመሬት ኪራይን ተፈጥሮ ለውጧል። ድሮ «የሚከራይ መሬት አለኝ» የሚለው ቃል ለአንድ ክረምት ነበር፤ ስምምነቱን የሰሙ ሁለት ሽማግሌዎች እስከ አዝመራው ማስታወስ አያቅታቸውም። ዛሬ ግን ችግኝ የሚተክል ተከራይ ማሳውን አራትና አምስት ዓመት ይይዛል። በዚያ መካከል አከራይ ይሞታል፣ ወራሽ ከከተማ ይመጣል፣ ምስክር ይጃጃል፣ የከሰል ዋጋም ሲወጣ የአንዱ ልብ ይሸፍታል። የአምስት ዓመት ቃልን የሁለት ሽማግሌ ትዝታ አይሸከመውም። የክልሉ የመሬት ሕግ ውሉ በጽሑፍ ሆኖ በወረዳው መሬት ጽሕፈት ቤት እንዲመዘገብ ማለቱ ቢሮክራሲ ሊመስል ይችላል፤ በዲከረንስ አገር ግን የድሃውን፣ በተለይም አቅም አጥታ መሬቷን የምታከራየውን መበለት፣ ከባድ ዕዳ የሚያቃልል ነው። የመሬት ልኬታው ካርታ ሕዝብ አይቶ እንዲቃወመው በየቀበሌው ለዕይታ መለጠፉም ከዚህ ይመደባል። አዛውንቱ እንኳ፣ ከወረቀት ጋር ብዙም ፍቅር የሌላቸው ሆነው፣ አረንጓዴውን የመሬት ደብተራቸውን ከሳጥናቸው ሥር ማስቀመጣቸውን አይደብቁም።

ወረቀቱ አስፈላጊ ከሆነ ታዲያ ጉዳዩ የት እንደሚለጠፍና ማን እንደሚያነበው ነው። በአገራችን ያለው ልማድ ማስታወቂያን በመሥሪያ ቤት ሰሌዳ ላይ በሥራ ቀን መለጠፍ ነው፤ ገበሬው ደግሞ በሥራ ቀን ማሳው ላይ ነው። ማንበብ የማይችለው አያነበውም፤ የሚችለውም ቢሮ ጉዳይ ከሌለው ወደዚያ አይሄድም። የፍርድ ቤት ጥሪ፣ የወራሽነት አቤቱታ፣ የጨረታና የማዳበሪያ ማስታወቂያ በሙሉ እንዲህ «ታውቋል» ይባላሉ። ታውቋል የሚባለው ግን በሕጉ ዘንድ እንጂ በሰው ዘንድ አይደለም። ያልሰማ ሰው የይግባኝ ቀኑ ካለፈ በኋላ ሲሰማ ጥፋቱ የእሱ ይሆናል።

ስለዚህ ለወረዳው ሹማምንትና ለከተማዋ ማዘጋጃ ቤት የሚቀርብ አንድ ልመና አለ፤ ወጪውም ከአንድ ስብሰባ አበል አይበልጥም። በሳምንቱ የተለጠፈው ማስታወቂያ ሁሉ ቅዳሜ፣ ገበያው ሞቅ ሲል፣ ከከብት ተራው አጠገብ በአውኚም በአማርኛም በድምፅ ይነበብ። አንባቢው ስሙንና ቢሮውን ይናገር፤ ካነበበ በኋላም ለሚጠይቀው ሰው መልስ ለመስጠት እዚያው ይቁም። ለከሰሉ ዋጋም እንደዚሁ፣ ዋጋውን የሚናገር ነጋዴ ከማን እንደሰማ አብሮ ይናገር። አዲስ ቅዳም ገበያውም ቀኑም አላት፤ የጎደለው ወረቀቱን ይዞ ወደዚያ የሚወርድ አንድ ሠራተኛ ነው።